በመነጽር ማኅደር የምታድር መፍቻ

ከእናቴ አልጋ ሥር ወጥተው የሚታዩት የሚጢጢ እግሮች ብቻ ናቸው። ጫማውን በሩ ላይ አውልቋል፤ የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሚጢጢ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ግድግዳ የሚያክል ጎረቤቴ ነው፤ ፍቅሩ ግን ከትንንሽ መፍቻዎች ጋር ነው።

«ታየህ?» እለዋለሁ ጎንበስ ብዬ።

«ቡሎኑስ ታየኝ። እጄ ነው የማይገባው።»

«እሱንማ እጅህን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።»

እናቴ ከላይ ሆና ልትስቅ ትጀምርና ዋጥ ታደርገዋለች። ስትስቅ ዳሌዋን ያማታል። ዳሌዋ ከተጠገነ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ሲሸኘን ደጋግሞ የነገረን ሁለት ነገር ነበር፦ ብዙ እንዳትታጠፍ፣ ማንም ታቅፎ እንዳያነሳት። እኔ ደግሞ ጠዋት ሾርባ ላጠጣት ብዬ፣ የአልጋውን ጀርባ ትንሽ ከፍ ላድርገው ብዬ፣ እጀታውን አዞርኩ። ትንሽ ያልኩት ወጥቶ ወጥቶ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጎ እዚያው ተነከሰ። ወደ ታች ብለው እጀታው ንቅንቅ አይልም። ይኸው አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው፤ እንደ ተከፈተ የሻንጣ ክዳን ቆማ ቀርታለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ደህና ነኝ» ትለኛለች። እናቴ ደህና ነኝ ካለች ደህና አይደለችም።

አልጋውን ያዋሰን ሰው ስልኩ ዝግ ነው። ሚጢጢ ትልቁን መፍቻውን ይዞ መጣ፤ በፍራሹ ብረትና በቡሎኑ ራስ መካከል ያለው ክፍተት ግን ሁለት ጣት አያስገባም። የአልጋውን ጀርባ የያዘው ያ ቡሎን ካልወጣ አልጋው አይወርድም። አሁን ሚጢጢ ከሥር ብረቱን በጥፍሩ መታ መታ ያደርጋል። ስለ ትንንሾቹ መፍቻዎቹ እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ።

አርባ ሦስት ትንንሽ መፍቻዎች አሉት። እያንዳንዳቸው በመነጽር ማኅደር ውስጥ ነው የሚያድሩት። መነጽር የሚያደርግ ሰው በሌለበት ቤት አርባ ሦስት የመነጽር ማኅደር አለ፤ ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዓይናችን ደህና ነው» እያለች ነው የምታስገባው። እሁድ እሁድ ደጃፉ ላይ ይደረድራቸውና ዘይት ያስነካቸዋል፣ ቅጭ ቅጭ እያደረገ ያዳምጣቸዋል፣ መልሶ ይከድናቸዋል። አንዳቸውም ቡሎን ነክተው አያውቁም። ሠርግ ያልተጠራ ልብስ እለዋለሁ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ይለኛል።

«ያቺን ትንሿን ሂድና አምጣት» እለዋለሁ አሁን።

«ኪሴ ውስጥ ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ከተሰበረችስ?»

 እናቴ ናት የምትመልስለት። «ልጄ» ትለዋለች፣ «እኔም ተሰብሬ ተጠግኛለሁ።»

ማኅደሩ ጠቅ ብሎ ሲከፈት ይሰማኛል። ከዚያ፦ ቅጭ። ቅጭ። ቅጭ። ርዝመቷ የኔን ትንሽ ጣት አይበልጥም። በአንድ በኩል ስትዞር ትይዛለች፣ ስትመለስ ጥርሶቿ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ከቡሎኑ ራስ ላይ ሳትነሳ፣ የጥፍር ያህል እየተወዛወዘች ታዞረዋለች። ይህን መቶ ጊዜ ነግሮኛል፤ መቶ ጊዜም እያዛጋሁ ሰምቼዋለሁ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ሠላሳ ዓመት ከስፌት መኪና ጋር የኖረች ሴት ናት፤ ብረት ሲያወራ ትሰማለች።

«ልጄ፣ እያጠበቅኸው ነው።»

ቅጭታው ቆመ። «ኧረ እማማ፣ ወደ ግራ ነው የማዞረው።»

«ወደ ማን ግራ? የቡሎኑ ራስ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ እርስዎ።»

«እንግዲያው የኔን ግራ ያዝ።»

ከካልሲው የወጣው አውራ ጣቱ እጥፍ አለ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰውነት ውስጥ የማይጠበቅ ቀጭን ድምፅ፦ «እውነትዎን ነው።» የመፍቻዋን አቅጣጫ የምትቀይረውን ትንሽ ምላስ በአውራ ጣቱ ሲገፋት ሰማሁ።

«አርባ ሦስት መፍቻ ያለው ሰው» ብዬ ስጀምር፣

«ደግፊ፣ ደግፊ» አለኝ።

ትከሻዬን ከጀርባዋ ብረት ሥር አስገባሁ። ብረት አንዴ ጮኸ። መፍቻዋ የተሰበረች መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የለቀቀው ቡሎኑ ነው። ቅጭ ቅጭ ቅጭ፣ አሁን እየሮጠች ነው። የእናቴ ክብደት ቀስ ብሎ ትከሻዬ ላይ መጣ። ሚጢጢ አቧራ ለብሶ ተስቦ ወጣና፣ እኔ በሁለት እጄና በትከሻዬ የታገልኩትን በአንድ እጁ ያዘው። ቀስ፣ ቀስ እየተባባልን አወረድናት።

አልጋው ተዘረጋ። እናቴ ጠዋት የያዘችውን ትንፋሽ አሁን ለቀቀችው።

«ደህና ነኝ» አለች። በዚህኛው አመንኳት። ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ።

«እስቲ ያቺን ልጅ አሳየኝ» ትለዋለች እናቴ።

ሚጢጢ መፍቻዋን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መዳፏ ላይ ያኖራታል። የመፍቻዋ አንገት ላይ ጭረት ወጥቷል። እሱም አይቶታል፤ እኔም አይቼዋለሁ። እናቴ በአውራ ጣቷ ታሽከረክራታለች። ቅጭ። ቅጭ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ ቅጭ። እንቅልፍ ዓይኖቿን ይከድናቸዋል፤ ጣቶቿ መፍቻዋ ላይ እንደተጨበጡ ይቀራሉ።

ሚጢጢ እጁን ይዘረጋል፣ ይመልሰዋል።

«ላምጣልህ?» እለዋለሁ በሹክሹክታ።

ራሱን በእምቢታ ይነቀንቃል። ባዶውን የመነጽር ማኅደር ጠቅ እንዳይል ጣቱን መካከል አድርጎ ይከድነዋል። ጫማውን በእጁ ያንጠለጥላል። ያ ግድግዳ የሚያክል ሰው፣ በተቀደደ ካልሲው፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ይወጣል።