ነቀዝ ያልነካው

«ነቀዝ የበላው ማሽላ አላችሁ?» ትላለች ሴትዮዋ ጮክ ብላ፣ ጊደር መጋላ መሐል ቆማ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት።

እህል ሻጭን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሙሽራን «ስንት ጥርስ ቀርቶልሻል?» እንደማለት ነው። አክስቴ መስቱራ የያዘችውን ጣሳ ታስቀምጣለች። ከጎናችን በርበሬ የምትሸጠው ሐሊማ ግን ደስ ብሏታል።

«መስቱራ ጋ ጠይቂ እህቴ! ነቀዙ እዚያ ነው ቤት የሠራው።»

«ወላሂ በዚህ መደብ ነቀዝ ገብቶ አያውቅም!» ትላለች አክስቴ። ከኋላዋ ሸራ አልብሰን የደበቅነው ጆንያ ተቀምጧል።

እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የኮሌጅ ምርጫ የሚዘጋው ዛሬ ነው። ግብርና መማሬ ተወስኗል፤ አክስቴም አልቅሳ ወጥቶላታል። የቀረው የት የሚለው ነው። እዚሁ ከተማ፣ አቦከር ሰፈር ያለው ኮሌጅ ፎቅ ነው፣ መስታወት ነው፣ ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ሌላው ከከተማ ውጭ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ማሳ፣ አዳሩም እዚያው። «እዚያማ አረም ነው የሚያስነቅሉሽ» ትላለች አክስቴ።

እኔም ከልቤ አልተከራከርኳትም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ እዚሁ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በተውሶ መጽሐፍ አጥንቼ፣ በግል ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ። የሚያስተምረኝ ሰው እኔ የማላውቀውን ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ እስካሁን ብዙም አላጋጠመኝ።

«ምን ሊያደርግልሽ ነው?» እላታለሁ ሴትዮዋን። «ለዶሮ ከሆነ፣ ዶሮም ነፍስ አላት።»

ትስቃለች። «ለተማሪዎቼ ነው። ሕይወት እባላለሁ፤ ከከተማ ውጭ ያለው የግብርና ኮሌጅ ነው የማስተምረው።»

አክስቴ ትገላምጠኛለች። ዓይኗ «ይኸውልሽ ኮሌጅሽ፣ ነቀዝ ለማኝ!» ይላል።

ክፋቴ ይነሳል። ሸራውን እገልጠዋለሁ። «ይኸው፣ ዱቄት ሆኖልሻል። ወፍጮ ቤት እንኳ መሄድ የለብሽም።»

«ናዝራ!» ትጮሃለች አክስቴ። ሐሊማ እልል ትላለች።

መምህርቷ ማናችንንም አትሰማም። ትንበረከክና እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከታለች። የምታወጣው ቅርፊትና ብናኝ ነው። በመዳፏ ታገላብጠዋለች፣ እፍ ትልበታለች። ብናኙ ሲበር ጥቂት ፍሬ ይቀራል፤ ድፍን፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ።

«እነዚህን ለምን አልበላቸውም?» ትለኛለች።

አፌን እከፍታለሁ። «አልደረሰባቸውማ» ልል ነበር። ግን ጆንያው ከከረመ ቆይቷል፤ ነቀዝ ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ በልቶ ጠግቦ አመስግኖ አይሄድም። ጎንበስ ብዬ መዳፏን አያለሁ። ሐሊማ እንኳ አንገቷን ታሰግጋለች።

መምህርቷ አንዷን ፍሬ ታቀብለኛለች። «ንከሺያት።»

እነክሳለሁ። ጥርሴ ይመለሳል። ጠጠር!

«ገበሬዎቻችን ዘር ደባልቀው ነው የሚዘሩት» ትላለች፣ ዓይኗን ከመዳፏ ሳታነሳ። «ንጹሑን ጆንያ ብገዛ ሁሉም አንድ ይመስለኛል። ማን ጠንካራ እንደሆነ የሚነግረኝ ነቀዝ ያለፈበት ነው። የተረፉትን ለቅመን እንዘራለን። ልጆቻቸው እንደነሱ ይጠነክሩ እንደሆነ ግን ገና አላወቅንም።»

መጽሐፎቼ ነቀዝ እንዴት እንደሚገደል ነግረውኛል። ነቀዝን ማን እንደቻለው ጠይቂ ያለኝ ግን አልነበረም።

«እንዲህ ነው የምታስተምሩት?»

«መጀመሪያ ዓመት ሒሳብና ኬሚስትሪ ነው፣ አልዋሽሽም። እንዲህ ያለ ጆንያ የሚደርስሽ ከዚያ በኋላ ነው። አረም ግን ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ትነቅያለሽ።»

«አላልኩሽም!» ትላለች አክስቴ።

ስልኬን አነሳለሁ። የቆርቆሮውን ኮሌጅ አንደኛ አድርጌ እልከዋለሁ። አክስቴ ፊቴን አይታ ገብቷታል። ሻሿን ታስተካክላለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ቅድም በወላሂ ወደማለችላት ሴት ትዞራለች።

«መምህርት፣ የሴቶቹ ማደሪያ በሩ ማታ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል እናቴ። እኔም እዚያው ግቢ ነው የማድረው፣ አያስቡ።»

«ኢንሻአላህ» ትላለች፣ ዋጋ እንደሰበሩባት ሁሉ። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ጆንያውን ውሰጂው። ብቻ በሐሊማ ፊት እንዳታሳልፊው።»

«አየሁት እኮ!» ትላለች ሐሊማ።

ሰፌድ ስቤ ከመምህርቴ ፊት ለፊት እንበረከካለሁ። እጄን እስከ ክርኔ እከታለሁ፤ የጆንያው ሆድ እንደ እንስሳ ሆድ ይሞቃል። አንዲት ነቀዝ በጣቴ አድርጋ፣ በእጅጌዬ ላይ ሽቅብ ትወጣለች።

አላራግፋትም።