የጣቢያው ንብረት ይመለስ!

አሮጌው የባቡር ጣቢያ ሙዚየም ይሆናል ከተባለ ወዲህ እትዬ ይርገዱ የከተማውን ሰው እንቅልፍ ነሱት። የተዘረፈው ንብረት ካልተመለሰ ጣቢያው ሊፈርስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለመንገደኛ ፓፓያ ሲሸጡ ያረጁበት ጣቢያ ሲፈርስ ቆመው ሊያዩ አይችሉም።

«አንተ አብዱረዛቅ! ሻይ ቤትህ የተጎለተው አግዳሚ የአባትህ ነው? የመንገደኛ መጠበቂያ አልነበረም?»

«እትዬ፣ ባቡሩ ሲቀር ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ እኮ ነው።»

«አዛኝ ቅቤ አንጓች! መልስ!»

አግዳሚው ተመለሰ። ደወሉ ከሆቴሉ፣ ሰዓቱ ከቄሱ እልፍኝ ወጣ። እትዬ ይርገዱ እንደ ሹም በየደጁ እየዞሩ «ሌባ ሁላ!» ሲሉ ቀና ብሎ ያያቸው የለም።

እሑድ ጠዋት አብዱረዛቅ ጎረምሶች አስከትሎ ደጃቸው መጣና የቤታቸውን ግድግዳ በዶማ እጀታ መታ አደረገው። ጭቃው ተሸርፎ ሲወርድ ከሥሩ ቀይ ብረት ብቅ አለ፤ ሐዲዱ ላይ እንደቆመ የቀረ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ። እትዬ ይርገዱ በየክረምቱ ጭቃ ሲመርጉት ኖረው፣ ቤት ነው ብለው ረስተውታል።

«ይውረዱ እንጂ እትዬ፣ ደርሰናል» አለ አብዱረዛቅ ሳቁን እየዋጠ።

እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ገቡና በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«የታለ ጣቢያው? ግፉ!»