የዘመመ ሐይቅ

ሐምዛ የጎርጎራን ውኃ ሰማያዊ ያደርገዋል።

«መልሰው» እላለሁ።

«ጋሽ አላምረው፣ ሐይቅ እኮ ነው። ሰው ሐይቅ ሲያይ የሚጠብቀው ሰማያዊ ነው።»

«ሰው ተሳስቷል። ጣና በመስከረም የሚመስለው ጉሽ ጠላ ነው። አንተም ታውቃለህ፤ ዋኝተህበታል።»

ሐምዛ እየሳቀ ይመልሰዋል። ፒያሳ ያለው የሐምዛ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተደርድረን ተቀምጠናል። ከጀርባችን ደንበኞች ፊቱ ቆመው የሚነሱበት መጋረጃ አለ፤ ዘንባባና ነጭ አሸዋ፣ ከማዶ ሰማያዊ ባሕር ተስሎበታል። ስንቱ የጎንደር ሙሽራ እዚህ ቆሞ ተነሥቷል፤ ያ ባሕር የት አገር እንዳለ የጠየቀ ግን የለም።

እኔና ባለቤቴ ዝናሽ በኪራይ በኖርንበት ቤትም እንዲህ ያለ ፖስተር ነበር። አከራያችን ለጥፎ፣ እንዳናነሣው ከልክሎናል። ለዓመታት ምሳችንን የበላነው የማናውቀውን ባሕር እያየን ነው። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ የራሳችን ቤት ገብተናል። ሳሎናችን ላይ የሚሰቀለው የምናውቀው ውኃ ይሆናል፤ ባለፈው እሑድ ጎርጎራ ወርደን በስልኬ ያነሣሁት። በዚህ አልደራደርም።

«ላሟስ፣ ላጥፋት?» ይላል ሐምዛ። ከታንኳዎቹ አጠገብ አንዲት ቀይ ላም ውኃ ትጠጣለች።

«ላሟ ባለአገር ናት። እንግዶቹ እኛ ነን።»

«እሱ ከላም ጋር አይጣላም» ትላለች ዝናሽ ከጎኔ። «የሚጣላው ከሰው ጋር ብቻ ነው።»

«ከውሸት ጋር ነው የምጣላው።»

«ውሸት ያልሆነ ማስተካከያ ላሳይዎት» ይላል ሐምዛ። «ስልክዎ የምሽቱን ቀለም አቀዝቅዞታል።» ቀለሙን ቀስ አድርጎ ወደ ቢጫ ይገፋዋል። ገርጥቶ የነበረው ደንገል ይሞቃል፤ የዳርቻው ድንጋዮች መዳብ ይመስላሉ፤ የላሟ ጀርባ ያበራል። ውኃው ያው ጉሽ ነው፤ ግን ፀሐይ ያረፈበት ጉሽ።

ልቆጣ የከፈትኩትን አፌን እዘጋለሁ። የዚያ ቀን ምሽት ልክ እንዲህ ነበር።

«ይሄ እውነት ነው» እላለሁ።

«ተመስገን» ይላል ሐምዛ። «አንድ ነገር ፈቀዱልኝ።»

ያን ጊዜ ነው የማየው። ሐይቁ ዘሟል። ከማዶ ሰማይና ውኃ የሚገናኙበት መሥመር ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ትንሽ ቢቆይ ጣና በቀኝ በኩል የሚፈስ ይመስላል።

«ይህን አቃናው። ውኃ አይዘምም። ይሄ ክርክር የለውም።»

ሐምዛ ፎቶውን ያዞረዋል። ሐይቁ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ፎቶው ሲዞር ግን ጥግ ጥጉ ባዶ ስለሚቀር ዳር ዳሩ መቆረጥ አለበት፤ ሐምዛ ይቆርጠዋል። ሸጋ ሆነ። እጄን ትከሻው ላይ አሳርፋለሁ።

«እኔ ወጣሁ» ትላለች ዝናሽ።

«ከየት?»

ሐምዛ የቆረጠውን መልሶ ያሳየኛል። በቀኝ በኩል፣ ታች ጥጉ ላይ፣ ዝናሽ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውኃው ውስጥ ቆማለች። በአንድ እጇ ጫማዬን ይዛለች። አፏን ከፍታ ትስቃለች። የፀዳውን ቤት መሥራት ከጀመርን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እሑድ ዕለትም አላየኋትም፤ ያያት ስልኩ ነው።

«ሐይቁን ነበር የማነሣው» እላለሁ፣ ሳልጠየቅ።

«አውቃለሁ። ጫማዬን ያዥልኝ ያልከኝ ለዚያ ነው።»

ሐምዛ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ቀላል እኮ ነው። እትዬን ከዳር አንሥቼ መሐል፣ ከላሟ አጠገብ አቆማቸዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። መሐል አልነበረችም።»

«እንግዲያው ወይ ሐይቁ ይዘማል፣ ወይ እትዬ ይወጣሉ። ሌላ መላ የለውም።»

«እኔን ቁረጠኝ» ትለዋለች ዝናሽ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። «ሐይቁ ከዘመመ እሱ ከግድግዳው ጋር ሲጨቃጨቅ ሊኖር ነው። ምሳ አያስበላኝም። ግዴለም፣ ቁረጠኝ።»

በዕድሜዬ ብዙ ክርክር ረትቻለሁ። ከረታሁ በኋላ አጠገቤ ማን እንደቀረ ዞር ብዬ ያየሁበትን ቀን ግን አላስታውስም።

«ይዝመም» እላለሁ።

«ምን አሉ?»

«ሐይቁ ይዝመም አልኩህ። እንዳለ አትመው።»

ዝናሽ ወደ እኔ አትዞርም። ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ሐምዛ ያትመዋል፤ ጥቁር ፍሬም ውስጥ ያስገባዋል፤ ራቅ ብለን እንድናየውም ግድግዳው ላይ ካለች ሚስማር ይሰቅለዋል። ላሟ ትጠጣለች። ድንጋዮቹ ያበራሉ። ሐይቁ እንዳለ ወደ ዝናሽ ቁልቁል ይወርዳል። እጄን ኪሴ ከትቼ እታገሣለሁ። ትንሽ እታገሣለሁ። ከዚያ ሄጄ የፍሬሙን ቀኝ ጥግ ወደ ላይ ገፋ፣ ደግሞ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ሐይቁ ቀጥ ብሎ እስኪተኛ።

«አሁን ፍሬሙ ዘመመ» ይላል ሐምዛ።

«ፍሬም ይዝመም። ፍሬም እንጨት ነው።»

ሐምዛ የሙያ ነገር ሆኖበት ሳያስበው ሊያቃናው እጁን ይሰዳል።

«ንክች እንዳታደርገው» ትለዋለች ዝናሽ። ተናግራ አልጨረሰችም፤ ሳቋ ቀድሟታል። ከጀርባዋ የዘንባባው ባሕር ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። እሷ አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ እኔም ስልኬን ኪሴ ውስጥ ትቼ አያታለሁ።