የሙንጂያ ወለል

«ቀስ በል! መስተዋቱን እንዳትሰብረው! እጅህ ነው ወይስ ዶማ?» ሙንጂያ ልጇ ላይ ጮኸች። ሮፊክ ቁምሳጥኑን ጀልባዋ ላይ አጋድሞ በገመድ እየጠፈረ ነበር።

ዋርሲቲ እዚያው ጎን የራሷ ደጅ ላይ ቆማ በመጥረጊያ ውሃ ትገፋለች። ባሕሩ ገና አልሞላም፤ የሚገፋ ይህን ያህል ውሃም አልነበረም። ብቻ እጇ ሥራ ከፈታ ዓይኗ ወደ ጀልባዋ ይሄድባታል።

በዚህ መንደር ባሕሩ በየቀኑ እየሞላ ቤት ድረስ ይመጣል። ሰው ደግሞ ወለሉን በአፈር እየሞላ ከፍ ያደርጋል እንጂ ጣሪያውን የሚያነሳበት አቅም የለውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ግን ምን ይደረግ? ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር በሩ እያጠረ ሄዶ፣ ዋርሲቲ ወደ ገዛ ቤቷ የምትገባው እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ ነው። ክፉው ነገር ደግሞ አንዱ ወለሉን ሲያነሳ ውሃው ዝቅ ወዳለው ጎረቤት መሄዱ ነው። ሙንጂያ ስታነሳ የዋርሲቲ አልጋ ይረጥባል፤ ዋርሲቲ በተራዋ ስታነሳ የሙንጂያ ድስቶች ይዋኛሉ። ሁለቱ ሴቶች ጸጉራቸው እስኪሸብት የኖሩት እንዲህ ሲበላለጡ ነው። ባሕሩ በሞላ ቁጥር የደረቀችው በመስኮት ብቅ ብላ «ውሃሽን ጥረጊው!» ትላለች፤ የራሰችው የአፏን ትመልሳለች።

በመጨረሻ የበለጠችው ሙንጂያ ነበረች። አሁን ግን እሷም እየሄደች ነው። ከእሷ በኋላ በሰፈሩ የሚቀር ሰው ዋርሲቲ ብቻ ናት።

«ዩ ዋር፣ ነይ እስቲ» አለች ሙንጂያ። ሁለቱ «ዩ» ነው የሚባባሉት፣ እታለም እንደማለት፤ ሲሰዳደቡም ጭምር።

«ምን ረሳሽ ደግሞ?»

«ወለሌን።»

«አበድሽ?»

«አፈሩን ውሰጂው። ቆፍረሽ ወደ ቤትሽ አዙሪው። አፈር የሚያመጡት ጀልባዎች ለአንቺ አንድ ቤት ብለው እዚህ ድረስ የሚመጡ ይመስልሻል? ነገ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፤ ውሃው ከሌላው ቀን ይበረታል። ዛሬ ካልጀመርሽ ባሕሩ ከነገ ወዲያ አልጋሽ ላይ ነው የሚተኛው።»

«ባልሽ በጀርባው የተሸከመውን አፈር?»

«የባሌ መቃብር ራሱ ውሃ ውስጥ ነው። ለማን ላስቀምጠው?» ሙንጂያ ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ይኸው በለጥሽኝ። ደስ ይበልሽ።»

«እሰይ! አንቺ ባትኖሪ ቤቴ ድሮ ደርቆ ነበር» አለች ዋርሲቲ። ለቀልድ ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን ዓይኗን ወደ መጥረጊያዋ መለሰች።

ሮፊክ ገመዱን ቋጥሮ ቀና አለ። «አክስቴ፣ ለምን አብረውን አይሄዱም? እማዬ ደጋ ላይ የምትሰድበው ሰው አጥታ ትታመማለች።»

«ለሥራ የሄደች ልጄ ከሰው አገር ስትመለስ የት ትግባ? ቤቱን ለዓሣ ትቼ?»

ይህን ደጋግመው ተነጋግረውበታል፤ ሮፊክ መቅዘፊያውን አነሳ። ሙንጂያ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጀልባዋ ላይ ወጣች፣ ቁምሳጥኑ አጠገብም ተቀመጠች። ትንሽ ከራቁ በኋላ ዞር ብላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ዩ ዋር! አላህ ምቀኛ አያሳጣሽ!»

ዋርሲቲ መጥረጊያዋን ወደ ጀልባዋ አወናጨፈች። ጀልባዋ ባሕሩ የዋጠውን የዓሣ ማርቢያ ኩሬ አልፋ ከዓይኗ እስክትጠፋ ቆመች።

ከዚያ ዶማና ቅርጫት ይዛ ሄደች። በሙንጂያ በር ጎንበስ ብላ ልትገባ ስትል ጫማዋን አወለቀች። ሊያፈርሱት የመጡበት ቤት በር ላይ ጫማ ማውለቅ ምን ይባላል? ግን ልማድ ነው፤ እግሯ ራሱ አወለቀው።

ውስጡ ባዶ ነው። በስስ ሲሚንቶ የተለሰነው ወለል ታጥቦ ገና አልደረቀም። መወልወያው ጨርቅ ተጨምቆ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጥሎ የሚሄድ ሰው ቤት ያጥባል?

«ይቺ ሴትዮ!» አለች ዋርሲቲ ለብቻዋ። «ቆሻሻ ናት ብዬ እንዳላማት ነው።»

ዶማውን አነሳች፤ አንዴ መታች። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። እንደ ሌባ ዞር ዞር ብላ አየች። የተተወላት አፈር ነው፣ ማንም አይጠይቃትም፤ ካልወሰደችው የራሷ ቤት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ዶማውን ሁለተኛ ስታነሳ ውሃው ደፉን አልፎ ገባ። ባሕሩ ሞልቷል።

ዶማው ከእጇ መቼ እንደወደቀ አላወቀችም። ጨርቁን ከምስማሩ ነጥቃ ደፉ ላይ ተንበረከከች፤ መጠጠች፣ ወደ ውጭ ጨመቀች፣ እንደገና መጠጠች። ወለሉን አንድም እድፍ እንዲነካው አልፈለገችም። የጨመቀችው ውሃ ቁልቁል ሄደ። የት እንደሚሄድ በመስኮቱ በኩል አየችው፤ ውስጡ በጨለመው በሯ ስር ሰተት ብሎ ወደ ራሷ ቤት ይገባል።

ሳታስበው አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«ዩ ዋር!» አለች ጮክ ብላ። «ውሃሽን ጥረጊው!»

ጨርቁን በእጇ እንደያዘች፣ ከራሷ ቤት መልስ ጠበቀች።