ተመራቂዋ ላም

ሊቀመንበሩ ቻላቸው «ዘንድሮ ከሴፍቲኔት የሚመረቀው...» ብሎ ስም ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ ላሟ ስብሰባውን ሰንጥቃ ገባች። ከግራሩ ሥር የተቀመጠው ሰው ብድግ ብድግ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሸሹ፤ ወንዶቹ ዱላ አነሡ። ላሟ ግን ማንንም አልወጋችም። የተበጠሰ ገመዷን እየጎተተች መሀል ላይ ቆመችና አቃሰተች።

የሙሉነሽ ልብ ዘለለ። መጋል! የራሷ ላም! በደስታ ልትነሣ ስትል የባሏ እጅ ቀሚሷን ጨምድዶ ያዘ። ይሁኔ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ መሬት መሬቱን ያያል።

«አታውቂያትም» አላት በሹክሹክታ።

በስማዳ በዚያ ሰሞን «ተመረቅህ» መባልን የመሰለ መርዶ አልነበረም። ተማሪ ሲመረቅ እልል ይባላል። ከሴፍቲኔት የተመረቀ ግን እርከን እየሠራ ይቀበለው የነበረው ስንዴ ያን ቀን ይቆማል፤ «ራስህን ችለሃል» ተብሎ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል። የሚመረቀውም ከብት ያለው ነው፤ ስለዚህ የምልመላው ወሬ ሲሰማ የአገሩ ከብት ሁሉ በሌሊት ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ይሁኔም መጋልን ገደል አሻግሮ ወንድሙ ዋለ ደጅ አስሯት ነበር። ምጧ ሲመጣ ግን ገመዷን በጥሳ አገሯ ገባች፤ ላም ምን ታውቃለች!

ዛሬ ጠዋት እንኳ በዚሁ ተጣልተው ነው የመጡት። «ላሟን እናምጣት» ብትለው «ስንዴው ቢቀር ልጆቹን ከነሐሴ በምን ታወጫቸዋለሽ?» ብሏታል። ውሸት አላለም። በረዶ ገብሱን በመታው ዓመት ትልቋን ልጇን ትርንጎን ያተረፈላት ያ ስንዴ ነው፤ ክፉ ልትናገርበት አይቻላትም። ነገር ግን ባለፈው ልጆቿ ጓሮ ሲጫወቱ አየቻቸው። ትርንጎ ኮሚቴ ሆና ቆማለች፤ ትንንሾቹ ቡትቶ እንደ ጆንያ ይዘው ተሰልፈዋል። «አንተ ዘንድሮ አልደረሰህም» ስትለው የመጨረሻው የእውነቱን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሙሉነሽ እህል በአፏ አልጥም ብሏታል።

መጋል ተንበረከከች፤ ከዚያም በጎኗ ተዘረጋች። ሁለት ሰኮና ብቅ አለ።

«ኧረ ምጥ ላይ ናት!» አለች አንዷ።

«በኋላ እግሩ ነው የመጣው! ባለቤቷ የት አለ?»

ማንም አልተጠጋም። የሰው ላም ስታምጥ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የነካት፣ ጥጃው ቢሞት ዕዳው የሱ ነው። ባለቤቷን ደግሞ የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ማን በማን ይፈርዳል?

«መንገድ የሳተች ትሆናለች» አለ አዳነ፣ ሁለት በሬዎቹን አማቶቹ ዘንድ ያስቀመጠው።

«ይሁኔ፣ ልትሞትብን ነው» አለች ሙሉነሽ።

«ዝም በይ። ልጆቹን ልታስጨርሻቸው ነው?»

ሙሉነሽ ቀሚሷን ከእጁ መንጭቃ ተነሣች። ሮጣ ከላሟ ራስ አጠገብ ተንበረከከችና «አይዞሽ መጋሌ፣ አይዞሽ እናቴ» አለቻት። ያን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ የሚያደርጉትን ሳያውቁ «ማርያም! ማርያም!» ማለት ጀመሩ፤ ወንዶቹ ሳቁ።

«መሪጌታ፣ ለላም ማርያም ትጠራለች እንዴ?» አለ አዳነ።

«ጥሯት፣ ጥሯት!» አሉ መሪጌታ አያሌው መቋሚያቸውን ጥለው እየተጠጉ። «እሷስ የወለደችው በበረት አይደለም?»

ሙሉነሽ ሰኮናዎቹን ይዛ ሳበች፤ አዳለጣት። እንደገና ሳበች፤ አቅም አነሳት። ቀና ብላ ባሏን ፈለገችው።

«ይሁኔ! ና እንጂ! ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ጋቢው መሬት ላይ ወደቀ። ይሁኔ በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ፤ እግሮቹን ያዘ፤ ጥርሱን ነክሶ ሳበ። አዳነ ከኋላው ወገቡን ያዘው፤ ሌላው አዳነን። «በርታ! በርታ! ስታምጥ ሳብ!» እያሉ አንድ ላይ ሲስቡ ጥጃው ሹልክ ብሎ ወጣና ሁሉም ተያይዘው በጀርባቸው ወደቁ። ጥጃው አይተነፍስም። ይሁኔ በጣቱ አፍንጫውን ጠረገለት፤ ደረቱን በገለባ ፈተገው፤ ጆሮው ውስጥ ነፋበት። ጥጃው አነጠሰ።

እልልታው ገደሉን አናጋው። ቻላቸው ራሱ ሲያጨበጭብ ቆይቶ ሥራው ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ።

«ይሁኔ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ላሟ የማን ናት?»

ሙሉነሽ ነሐሴ ታያት፤ ጨለማው፣ ዝናቡ፣ ባዶው ጎታ። ባሏ ደም የነካውን እጁን አየ፤ ሰዉን ሰንጥቀው ገብተው ጥጃውን የከበቡትን አምስቱን ልጆቹን አየ።

«የልጆቼ ናት» አለ።

«እንግዲያማ ሳትመረቅ አትሄድም!» ብለው መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። «ዘርታችሁ ቃሙ! አልባችሁ ጠጡ! ወልዳችሁ ሳሙ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ቻላቸውም ግራ ገብቶት ግራና ቀኝ አየና «አሜን» አለ።

ሙሉነሽ እየሳቀች ታለቅሳለች። ይሁኔ አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ነሐሴስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«እንጃ» አለችው።

ጥጃውን አንሥታ ትከሻው ላይ አደረገችለት። ልጆቹን ከፊት፣ መጋልን ከኋላ አድርገው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያያቸው፣ በዋናው መንገድ ወደ ቤታቸው ወሰዷት።