የአውሎ ነፋሱ ዓይን

ከጧት ጀምሮ ዓይኗን ከሳተላይቱ ምስል አልነቀለችም። ከዓረብ ባሕር የተነሣው አውሎ ነፋስ ዝናብ ያዘሉ ደመናዎቹን እንደ ተጠማዘዘ ክር ወደ ውስጥ እየሰበሰበ ነበር። ክሮቹ ተገናኝተው ቀለበት ሠሩ። በዙሪያው የሚሽከረከሩት ደመናዎች ቀለበቱን እያወፈሩት ሄዱ፤ መሀሉ ላይ ክብ፣ ጥርት ያለ ቀዳዳ ተከፈተ።

«ዓይኑን አየሽው? እንዴት ያምራል!» አለ ከጎኗ የተቀመጠው የትንበያ ባለሙያ ባልደረባዋ።

«አዎ» አለች። ከዓይኑ ሥር ታናሽ እህቷ ያምሮት በቤት ሠራተኝነት የምትኖርባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበረች።

ስልኳ ጠራ።

«እታለም፣ ዝናቡ ቆመ እኮ! ፀሐይ ወጥታለች። ከተማው አለቀለት ስትዪ አልነበር እንዴ? ምን ዓይነት ትንበያ ነው!» ያምሮት ሳቀች።

«አላበቃም፣ ያምሮት። ጸጥ ያለው መሀሉ ላይ ስለሆንሽ ነው። የቀለበቱ ሌላኛው ወገን ከመጀመሪያው ብሶ ይመጣል፤ ባሕሩንም ይዞ ነው የሚመጣው። አሁኑኑ ወደ ኮረብታው ሩጪ።» ድምፅዋ የዘወትሩን የአየር ጠባይ የምታነብ ይመስል ነበር።

«በየት በኩል ልውጣ? አሠሪዎቼ ትናንት ሲሸሹ፣ እንዳልጠፋባቸው ብለው ምድር ቤት ያለችውን ክፍሌን ከውጭ ቆልፈውብኝ ነው የሄዱት። መስኮቱም ብረት አለው። ብጮህ ሰፈሩ ባዶ ነው። ግን አታስቢ፣ ሲመለሱ ይከፍቱልኛል።»

ምስሉ ታደሰ። የቀለበቱ ጠርዝ ከተማዋን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል።

«እሺ» አለች። «እንግዲያው ስልኩን አትዝጊው። ሰማዩ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።»