ጥለውት የሚሄዱት ቫዮሊኖች

ክላርኔቱን ከአፉ አውጥቶ ስፒከሩን ረገመው። የሙዚቃ ፈተናው ነገ ነው፤ ከስፒከሩ የሚያጅቡት የተቀዱ ቫዮሊኖች ግን ዛሬም ከዜማው እዚያችው ቦታ ላይ ጥለውት ሄዱ። ትንፋሽ እስኪስብ አይጠብቁም። ቅጂ ምን አንጀት አለው! በዚያ ላይ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቱ እትዬ ዘርፌ፣ እሱ በተሳሳተ ቁጥር ግድግዳውን ይደበድባሉ።

«ኧረ በፈጠረህ! ያችኑ ዜማ ስንት ጊዜ ነው የምትደጋግማት?»

ጥርሱን ነክሶ እንደገና ጀመረ። እዚያች ቦታ ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ፤ ቫዮሊኖቹ ዝም አሉ። እሱ በንዴት መንፋቱን ቀጠለ።

ከግድግዳው ማዶ አንድ የሻከረ ድምፅ የቫዮሊኖቹን ዜማ እያንጎራጎረ ተከተለው። እትዬ ዘርፌ ነበሩ። አንዲት ኖታ አልሳቱም፤ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ብቻ፣ ትንፋሽ እስኪስብ ቆመው ጠበቁት።